የበሩ ቀኝ መቃን

ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩት ወራት አልፈዋል። አንድ አንቀጽ እጽፍና ወረቀቱን አጥፌ አስቀምጠዋለሁ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ። ባለቤቴ ይርጋ ካረፈ ወዲህ ነገር ሁሉ እንዲህ በቀስታ ሆኖብኛል። ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሞቱ አይደለም። የትዳር ጓደኛ ያጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያላጣችሁም ባታውቁት ይሻላል። የምነግራችሁ ስለ አንድ ዓርብ ነው፤ ሙት ዓመቱ ሊታሰብ ጥቂት ሲቀረው ስለ ዋለ ዓርብ።

እታፈራሁ እባላለሁ። ወላጆቼ ከወሎ በሠፈራ ሲመጡ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። መንደራችን ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል፤ ስም ሲያጡለት ቁጥር ሰጥተውት እስከ ዛሬ በቁጥሩ ይጠራል። እኔ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ይርጋ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የታሪክ መምህር። ጥቂት ሠርቶ ሊቀየር ነበር አሳቡ፤ በዚያው ቀረ። ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብዬ ስኩራራ፣ ሊያናድደኝ ሲፈልግ «ኧረ እኔን ያስቀረኝስ በሩ ነው» ይለኝ ነበር።

ስለ በሩ ልንገራችሁ። ከመንደራችን ወንዙን ስትሻገሩ የበርታዎች መንደር አለ። ከመንደሩ ጀርባ፣ ከማንጎዎቹ በላይ፣ ጉብታው ላይ የፈረሰ የድንጋይ ግቢ ታገኛላችሁ። ማን እንደሠራው አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም፤ አንዱ የወርቅ ነጋዴ ቤት ነበር ይላል፣ ሌላው የጥንት ሼህ ግቢ ነው ይላል። የቀረው ጉልበት የማይደርስ ግድግዳ፣ አፈር የሞላው የውኃ ጉድጓድና በሩ ነው። በሩ ግን ምንም አልሆነም። በግራና በቀኝ በተጠረበ ድንጋይ የተደረደሩ ሁለት መቃኖች፣ ከላይ ደግሞ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረበ ጉበን። ከበሩ ወዲህም ሣር፣ ከበሩ ወዲያም ሣር። የሚዘጋውም የሚከፍተውም የሌለ በር ብቻውን ቆሞ ስታዩት መጀመሪያ ያስቃችኋል፤ ቆይቶ ዝም ያሰኛችኋል።

የዚያ መንደር ሴት ስትዳር በዚያ በር ሳታልፍ አትሄድም። ከውስጥ ወደ ውጭ ትወጣለች። ከሌላ አገር የመጣች ሙሽራ ደግሞ ከውጭ ወደ ውስጥ በዚያው በር ገብታ ነው የአገሩ ሰው የምትባለው።

የኛ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያንን ግቢ በልተውታል። ደገኛ መሠረቱ ድንጋይ ካልሆነ ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ጎረቤቶቻችን በቀርከሃ ሠርተው በሰላም ሲያድሩ የኛዎቹ ጉብታው ላይ እየወጡ ግድግዳውን አፍርሰው ወሰዱ። አባቴም ወስዷል። ይርጋ በኋላ መጥቶ በየቤቱ ይዞር ነበር። ሰው ቤት ሲገባ ከሰላምታ በፊት ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ መሠረቱን በእጁ ይዳብስና «ይቺ የምሥራቁ ግድግዳ ናት» ይላል። ሰዎቹ ይስቁበታል። በየስብሰባው፣ በየለቅሶው፣ በየሠርጉ ስለዚያ በር ለመነ፣ ተቆጣ፣ ተረበ፤ በመጨረሻ ድንጋይ የሚነካ ጠፋ። የድንጋዮቹም ስም «የይርጋ ድንጋዮች» ሆነ።

ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ ተማሪ ሁሉ ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ በሩን በገመድ እየለካ መሳል ነበረበት፤ ድንጋይ በድንጋይ። አሳምሮ የሳለ ዜሮ ያገኛል። «ያየኸውን ሳል፣ የሚያምርህን ቤትህ ሄደህ ትስላለህ» ይላቸዋል።

እሱ ታሞ ቆይቶ ሰኔ ላይ ሞተ። ዓመቱን ሙሉ ከቤት አልወጣሁም ማለት ይቻላል። አንዲቷ ልጃችን ሰብለ አዲስ አበባ ነው የምትሠራው፤ ስልክ በደወለች ቁጥር «እማዬ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? እኔ ጋ ነይ» ትለኛለች። መንገዱ በሚዘጋባቸው ክፉ ጊዜያት እኔ ጋ መድረስ አቅቷት ያለቀሰችውን አልረሳሁምና እምቢ ማለት ከበደኝ። እሑድ ሙት ዓመቱን አስበን፣ ሰኞ አብሬያት ልሄድ፣ እዚያው ልቀርም ተስማማን። ቤቱን የሚከራይ ተገኘ። ሻንጣዬ ተዘግቶ የቤቴ በር ሥር ቆመ።

በዚያ ዓርብ ጠዋት ለሙት ዓመቱ ከመጣችው ከሰብለ ጋር ሽንኩርት እየላጥን ሳለ ከአጥር ውጭ «እታፈራሁ! አለህ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አስያ ናት፤ ከወንዙ ማዶ ያለችው የልጅነት ጓደኛዬ። አማርኛን እንደመጣላት ነው የምትናገረው፤ እኔን አንተ፣ ይርጋን አንቺ እያለች ነው የኖረችው። ይርጋም «አቤት ጌታዬ!» ይላት ነበር።

ገብታ ተቀመጠች። ውኃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችም። ነጠላዬን ነካ አደረገች፣ ሰብለን አገላብጣ ሳመች፣ ስለ ዝናቡ አወራች። አስያ ስለ ዝናብ ካወራች ሆድዋ ውስጥ ሌላ ነገር አለ።

«አስያ፣ ምን ሆነሻል?»

«እኔ ለመጠየቅ አልመጣም። ለመናገር ብቻ። ኋላ በዓይን አይተህ እንዳትደነግጥ።»

«ምኑን ነው የማየው?»

«ድንጋይ ሄደ። ከበሩ። በቀኝ ያለው መቃን ሁሉ ሄደ። ለይርጋ መቃብር ነው አሉ።»

ቢላዋዬን አስቀመጥኩ። «ማን ነው የወሰደው?»

«ያንተ ሰዎች። እድር። እኛ ገበያ ነበርን፤ ስንመጣ ጋሪው ሄዷል።» ከዚያ ቶሎ ብላ አከለችበት። «ለይርጋ ከሆነ እኛ ዝም። ይርጋ ወንድም ነው። ግን በር ይወድቃል። አብዱራሂም ከሥሩ ቀርከሃ አስገብቶ ይዟል። ወላሂ አሁንም ይዞ ቆሟል።»

አብዱራሂም ባልዋ ነው። ሰውዬው በዚያ ዕድሜው የድንጋይ ጉበን ሥር ቆሞ ታየኝ።

«ሐዋስ?» አልኳት። ልጅዋ ሐዋ ሰኞ ልትዳር ነበር።

አስያ ውኃውን አንስታ ጠጣች። «ሐዋ ትሄዳለች። በር ከሌለ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። ምን ይደረጋል?»

«ለምን መልሱ አላላችኋቸውም?»

«መቃብር ላይ የወጣ ነገር መልስ ይባላል? ያንተ ሰው ራሱ ይህን ይፈራል የለ?»

እውነትዋን ነው፤ እንፈራለን። የኛ መንደር ሰው ከመቃብር ላይ ድንጋይ ያነሳ ከራሱ ቤት ሌላ ሬሳ ይጠራል ብሎ ያምናል። ስለዚህ አንዴ የተቀመጠ ድንጋይ ቢንጋደድ እንኳ የሚያቃናው የለም።

ጫማዬን እንኳ በደንብ ሳላደርግ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድኩ። ሰብለ «እማዬ ቀስ በይ!» እያለች ጥላ ይዛ ትከተለኛለች፤ አስያ ሁለታችንን ትከተላለች። ሰማዩ ከባምባሲ በኩል ጠቁሯል።

መቃብሩ ጋ የእድሩ ወንዶች በደቦ ወጥተዋል። ውኃ በበርሜል ተሞልቷል፣ አሸዋው ተከምሯል፣ የሲሚንቶው ከረጢት አፉ ተቀዷል። ግንበኛው ጌትዬ አካፋ ይዞ ቆሟል፤ የይርጋ ተማሪ ነበር። ዙሪያውን ድንጋዮቹ ተደርድረዋል፤ ገና አልተለሰኑም። የእድሩ ዳኛ አያ ደምሴ ሲያየኝ ሁለት እጁን ዘርግቶ መንገድ ዘጋብኝ።

«አይ እታፈራሁ! ማን ነገረሽ? ለእሑድ ድንገት ልናሳይሽ ነበር'ኮ! በይ እንግዲህ ካየሽ እይው። እንዲህ ያለ መቃብር አሶሳም የለ!»

«አያ ደምሴ፣ እነዚህ ድንጋዮች...»

«የራሱ ናቸዋ! ዕድሜውን ሙሉ ከኛ ሲጠብቃቸው ኖረ። ለማን ነበር የሚጠብቃቸው? እኛ አንነካ፣ ልጆቻችን አይነኩ! ተመካከርን፤ ይሄ ሰው የሚወዳቸውን ድንጋዮች ተንተርሶ ይረፍ አልን። በሩን እንዳለ ትተነዋል፣ አንዱን ጎን ብቻ ነው የወሰድነው።»

ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ብታዩት! የማይወዱት ሰው ላይ እንዲህ ያለ ስህተት አይሠራም።

የተሰማኝን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ድንጋዮቹ መቃብሩ ላይ አምረው ነበር። ይርጋ በእጁ እየዳበሰ ያለሰለሳቸው፣ በምሳ ሰዓት ጀርባውን የሚያስደግፍባቸው፣ የማውቃቸው ድንጋዮች ናቸው። እሱን ጥዬ ልሄድ ነበር፤ ቢያንስ እነሱ አብረውት ይሁኑ የሚል አሳብ ልቤ ውስጥ ገባ። ዝም ብል ማን ይወቅሰኛል? አስያ ራስዋ ለይርጋ ከሆነ ዝም እንላለን አላለችም?

ዘወር ስል አስያ ከቅጥሩ በር ውጭ ቆማለች። አልገባችም። ሻሽዋን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች።

«ይመለሱ» አልኩ።

ማንም የሰማኝ አልመሰለኝም። ደገምኩት። «ድንጋዮቹ ዛሬውኑ ወደ በሩ ይመለሱ። ጉበኑን ሰው በቀርከሃ ደግፎ ይዞታል፤ ዝናብም መጣ።»

የአያ ደምሴ እጆች ወረዱ። «እታፈራሁ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ።»

«ሐዘንማ ዝም በዪ ነበር የሚለኝ።»

«ያለንን ምርጥ ነገር አመጣንለት። ይሄን ትጥይብናለሽ?»

«አልጥለውም አያ ደምሴ። ግን እሱ በሩ ይቁም ብሎ ነው የኖረው።»

«እሺ፣ ማን ያነሳዋል?» ዙሪያውን አየ። ወንዶቹ ሁሉ ወደ ኋላ አሉ፤ ጌትዬ እንኳ አካፋውን መሬት ላይ ተከለ። «ንገሪኛ! ማን ነው ከመቃብር ላይ ድንጋይ አንስቶ ቤቱ የሚገባ? እኔ ልጆች አሉኝ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰብለን በአገጩ አሳየኝ። «አንቺም አለችሽ። ያውም አንድ።»

ተምሬያለሁ፤ መጻሕፍት መካከል ነው የኖርኩት። ነገር ግን ባሌን ቀብሬ ዓመት ሳይሞላኝ፣ በልጄ ፊት ቆሜ፣ ይህ ባዶ ወሬ ነው ብዬ ጎንበስ ማለት አልቻልኩም። ነጎድጓዱ ጉርምርም አለ። የጋሪው ፈረስ ጅራቱን አወናጨፈ።

ሰብለ ጥላውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከተማ ብትኖርም የዚህ መንደር ልጅ ናት፤ ይህን ፍርሃት ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። ከንፈርዋ ነጭ ሆኖ አየሁት።

«አያ ደምሴ» አለችው፣ «አባዬ አሁን ብድግ ቢል ምን ይል ነበር?»

አያ ደምሴ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። «አባትሽማ... ይሰድበን ነበር።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ደንቆሮ ሁላ! ነበር የሚለን።»

ከወንዶቹ መካከል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሰብለ ግን አልሳቀችም፤ አለቀሰች። እያለቀሰች ጎንበስ ብላ የአንዱን ድንጋይ ጫፍ ያዘች። «እማዬ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ፤ ብቻዬን አልችለውም።»

ያዝኩ። አነሳነው። ድንጋዩ ከማስበው በላይ ከባድ ነበር፤ ወደ ጋሪው ስንንገዳገድ አስያ ከቅጥሩ ውጭ «ያ አላህ! ያ አላህ!» ትላለች። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ክብደቱ ድንገት ቀለለኝ። አያ ደምሴ ከሥር ገብቷል።

«ወገብሽ ይቆረጣል፣ ልቀቂ!» ብሎ ጮኸብኝ። «እንግዲህ የሚመጣው ሬሳ ለሦስታችንም ነው። ግድ የለም፣ እድሩ ድንኳን አለው!»

ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንዳነሳ አላውቅም። ሁሉም ባንድ ላይ ነው የጎነበሱት።

ወንዙን ስንሻገር ውኃው ደፍርሶ መሙላት ጀምሯል። ጋሪው ሸርተት ብሎ መሃል ላይ ተንጋደደ፤ ወንዶቹ ጉልበታቸው ድረስ ገብተው በትከሻቸው አቃኑት። ጉብታው ላይ ስንወጣ አብዱራሂምና የመንደሩ ሰዎች የታሰረ ቀርከሃ በጉበኑ ሥር አስገብተው በትከሻቸው ደግፈዋል። የቀኙ መቃን የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ጉበኑ በግራ በኩል ብቻ ተቀምጦ በቀኝ ወርዷል።

አብዱራሂም አያ ደምሴን ሲያይ «ሰላም ዓለይኩም» አለው። «አንተ በር ሰርቀህ የት ልትከፍተው ነበር?»

አያ ደምሴ አንገቱን ደፋ። «አፉ በለኝ ወንድሜ። እጄ ባዶ አይደለም፣ ይዤ መጥቻለሁ።»

«ኸላስ፣ በቃ፤ ፍጠን እንግዲህ። ትከሻዬ አልቋል።»

አሁን ሌላ ጣጣ መጣ። ድንጋዮቹ ሣሩ ላይ ተራገፉ፤ የትኛው የት እንደነበረ የሚያውቅ የለም። እኩል አልነበሩምና አንዱ ቦታውን ከሳተ ሌላው አይገጥምም። ጌትዬ ቆሞ ራሱን አከከ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ዓይኑን ጨፈነና በጣቱ አየር ላይ መስመር ማስመር ጀመረ።

«ይሄ ጥጉ የተሰበረው ከታች ነው» አለ። «ሥዬዋለሁ። ለመሳል ያስቸገረኝ እሱ ነበር።»

«ከታች አይደለም፣ ከታች ወደ ላይ ሁለተኛው ነው» አለው ሌላው፣ ያኔ ጎረምሳ የነበረ፣ አሁን የሁለት ልጆች አባት የሆነ ሰው።

«አንተ ደግሞ ከኔ ኮርጀህ!»

«ኮርጄ ካንተ የበለጠ ያገኘሁ!»

«ጠባቡ ከሰፊው በላይ ነው» አለች ሰብለ፤ እስዋም ከክፍሉ አላመለጠችም። «ቅንድብ ይመስላል ብዬ አባዬ ስቆብኛል።»

ከበርታዎቹም ወጣቶቹ እዚያው ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። አንዱ ከቀርከሃው ሥር ሆኖ ይጮኻል፤ «ኧረ እሱ ተገልብጧል! ጠባሳው ወደ ውጭ ነው! መምህር ዜሮ የሰጠኝ በሱ ነው!» ጭቃውን ሴቶቹ በእግራቸው ረገጡ፤ ጌትዬ ሲሚንቶውን ሊያመጣ ሲነሳ ሁሉም ባንድ አፍ «ሲሚንቶ አታስነካው!» ብለው ጮኹበት። የይርጋ ድምፅ ነበር። ካንዱ አፍ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉም አፍ ይወጣ ነበር። እኔ ማንጎው ሥር ቁጭ ብዬ ስሰማው ዋልኩ። ዓመት ሙሉ ቤት ዘግቼ የፈለግሁት ድምፅ እዚህ ሜዳ ላይ ነበር።

በመቃኑ የላይኛው ድንጋይ ላይ ሳይስማሙ ዝናቡ ደረሰ። እንዲሁ አስገቡት። ከዚያ አብዱራሂም ቀርከሃውን አንድ በአንድ መምዘዝ ጀመረ። አስያ እጄን ይዛ ጨመቀችኝ። የመጨረሻው ቀርከሃ ሲወጣ ጉበኑ ድም ብሎ ወረደ፤ አፈር ረገፈ፤ አንዲት ሴት ጮኸች።

ቆመ።

አያ ደምሴ በዝናቡ መካከል ቆቡን አወለቀ። «ይርጋ፣ ይኸውልህ» አለ።

እሑድ ዕለት ለሙት ዓመቱ የመጣ ሰው ሁሉ ከየእርሻው አንድ አንድ ድንጋይ ይዞ መጣ። ማን እንዳስወራው አላውቅም። ጥቁርም፣ ቀይም፣ እንደ እንቁላል የከበበም አለበት። መቃብሩ የተሠራው ከዚያ ነው። አያምርም። ይርጋ ቢሆን ያሾፍበትና ይወደው ነበር።

ሰኞ ሐዋ በበሩ ወጣች። እኔና ሰብለ አሶሳ ከመሄዳችን በፊት ልንስማት መጥተን ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ በሚመጣበት በኩል ቆመናል። እልልታው ሲበርድ አስያ ከበሩ ውስጥ ሆና እጅዋን ዘረጋችልኝ።

«እታፈራሁ፣ ና።»

«ወዴት?»

«ወዴት ይላል እንዴ! ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖርህ፤ በዚህ በር ገብተህ አታውቅም። የሚሄድ ሴት ይወጣል፣ የሚመጣ ሴት ይገባል። ና፣ ግባ።»

ሰብለን አየኋት። ልጄ ፊቴን አንብባ ጨርሳለች። የነጠላዬን ጫፍ አስተካከለችልኝና ከኋላዬ በቀስታ ገፋ አደረገችኝ።

በዚያ ቀን አሶሳ የሄደችው ሰብለ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ትመጣለች፤ ደህና ናት፣ ክብር ለእግዚአብሔር። አያ ደምሴም ደህና ነው፤ እኔን ባገኘኝ ቁጥር «እስካሁን ማንም አልሞተብንም?» ይለኛል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ሐዘን ላይ ያላችሁ ካላችሁ ይህን ብቻ ልንገራችሁ። የሞተባችሁን ሰው ከራሳችሁ ልብ ውስጥ ብቻ አትፈልጉት። እኔ እዚያ ፈልጌው ያገኘሁት የታመመውን ብቻ ነበር። ጤነኛው፣ ተሳዳቢው፣ ሳቂታው ሰውዬ ሌሎች ሰዎች ዘንድ ነበር። ወጥቼ ባልሰማው ኖሮ ሻንጣዬን ይዤ፣ እሱን እዚህ ትቼው እሄድ ነበር።

ዘንድሮ አዲሱ የታሪክ መምህር ለምኖኝ የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን በሩ ድረስ ይዤ ወጣሁ። ገመድ ይዘው ለኩ፤ ሳሉ። አንዲት ልጅ ወረቀትዋን አምጥታ «እትዬ፣ ይቺ የላይኛዋ ድንጋይ የተገለበጠች አትመስልም?» አለችኝ። በመቃኑ አናት ላይ ያለችውን፣ ዝናቡ ሲመጣ ሳይስማሙ ያስገቧትን ማለትዋ ነው።

ተገልብጣለች። ሳያት ነው የኖርኩት፤ አውቃለሁ። ይርጋም ቢያያት አንድ ሌሊት አያድርም፣ ሄዶ ያስገለብጣታል።

«ያየሽውን ሳዪ» አልኳት።

ድንጋይዋን እንዳለች ተውኳት። አንድ ቀን ስንገናኝ የሚቆጣኝ ነገር አይጣ።